ሐኪሙ አሁን ያዩዎታል

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በሜሪላንድ ግዛት በሚገኝ አንድ ሆስፒታል ውስጥ በአስተርጓሚነት ስሠራ፣ አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ጉልበታቸውን እያመማቸው 40 ደቂቃ ያህል በእግራቸው እንዲቆሙ ምክንያት ሆንኩ። ያስቆማቸው አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ነው፤ ቃሉን ወደ አማርኛ የመለስኩት ደግሞ እኔ ነኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ያን ቃል በየመዝገበ ቃላቱና በየአሮጌው መጽሐፍ ስከታተለው ቆይቻለሁ። ዛሬ የምጽፈውም በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ እኚያ እናት የጠየቁኝ አንድ ጥያቄ እስካሁን ስላልለቀቀኝ ነው።

እማማ የመጡት ለጉልበታቸው ሕመም ነበር። ክብደታቸውና የደም ግፊታቸው ተለካ፤ የሚወስዱት መድኃኒት አንድ በአንድ ተጻፈ። የተቀበሉን ነርስ ፀጉራቸው የሸበተ፣ አነጋገራቸው የረጋ ሴት ነበሩ። ወረቀታቸውን ሰብስበው ሲወጡ በሩ ላይ ዞር አሉና ሐኪሙ «ፕሬዘንትሊ» እንደሚያዩአቸው ተናገሩ። ሥራው ፋታ አይሰጥም፤ ሰው ተናግሮ ሳይጨርስ የሚቀጥለውን ቃል ማሰናዳት ግድ ነው። እኔም ሳላመነታ «ሐኪሙ አሁን ያዩዎታል፣ እማማ» አልኳቸው።

ወዲያው ተነሡ። ነጠላቸውን አስተካክለው አጣፉት፤ ወንበሩ ላይ አስቀምጠውት የነበረውን ቦርሳ ክንዳቸው ላይ አንጠለጠሉ፤ ፊታቸውን ወደ በሩ አዙረው ቆሙ። ቁጭ ብለው እንዲጠብቁ ስለምናቸው «ሰው እየመጣ ተቀምጬ?» አሉኝ። ለሚመጣ ሰው መነሣት በእርሳቸው ቤት ደንብ ነው፤ የሚመጣው ሐኪም ሲሆን ደግሞ የበለጠ። ኮሪደሩ ላይ ኮቴ በተሰማ ቁጥር ቀና ይላሉ፤ ኮቴው ሲያልፍ ክብደታቸውን ከቀኝ እግራቸው ወደ ግራው ያዛውራሉ። ብዙ ደቂቃ ካለፈ በኋላ አንድ እጃቸውን የመመርመሪያው አልጋ ጠርዝ ላይ አሳረፉ፤ እንደ ቆሙ ወደ እኔ ዞረውም «አሁን አላልሽኝም፣ ልጄ?» ብለው ጠየቁኝ። በድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም። በእርግጥ የሰሙት ምን እንደነበር ማረጋገጥ ፈልገው ነበር። ብያቸዋለሁ። ነርሷስ ብለው ነበር ወይ? ይህን መመለስ አልቻልኩም።

በዚያ ምሽት ቤት ገብቼ መዝገበ ቃላት ገለጥኩ። «ፕሬዘንትሊ» ሁለት ፍቺ ተሰጥቶት አገኘሁት፤ አንደኛው «ከጥቂት ጊዜ በኋላ»፣ ሁለተኛው «በአሁኑ ጊዜ»። አንድ ቃል እንዴት ሁለቱንም ሊሆን ይችላል? ከእነዚህ ፍቺዎች ሥር ደግሞ ጊዜው ያለፈበት ተብሎ የተመዘገበ ሦስተኛ አለ፤ እርሱም «ወዲያውኑ፣ ሳይዘገይ» ይላል። ለካስ የቀድሞው ሰው በዚህ ቃል ቃል ሲገባ ሳይዘገይ መምጣቱ ነበር። እኔ ለእማማ ያስተላለፍኩት መልእክት ከ400 ዓመት በፊት ቢሆን ትክክል ነበር ማለት ነው።

የቃሉ አመጣጥ ግልጽ ነው። ከላቲን የመጣው «ፕረዘንት» ፊት ለፊት ያለ፣ የተገኘ፣ እዚሁ የቀረበ ማለት ነው፤ ተማሪ በእንግሊዝኛ ስሙ ሲጠራ «ፕረዘንት» ብሎ የሚመልሰውም ስለዚሁ ነው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን በእንግሊዝኛ ጽሑፎች ውስጥ ቃሉ የሚታየው «አሁን በፊታችን ባለው ጊዜ» እና «እዚያው፣ ሳይውል ሳያድር» በሚሉት ትርጉሞች ነው። በዚያ ዘመን የቀጠሮ ሽታ የለበትም። አንድ ነገር «ፕሬዘንትሊ» ይሆናል ከተባለ በመሃል ሌላ ነገር አይገባም።

ይህን ከሁሉ አጥርቶ የሚያሳየው እ.ኤ.አ. በ1611 የታተመው የንጉሥ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ ነው (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 21 ጌታ ፍሬ ያጣባትን በለስ ሲረግማት፣ እንግሊዝኛው በለሲቱ «ፕሬዘንትሊ» ደረቀች ይላል። ተማሪ ሳለሁ ይህን ጥቅስ በእንግሊዝኛ አንብቤ ዛፏ ቆይታ፣ ከሰዓታት ወይም ከቀናት በኋላ የደረቀች መስሎኝ አልፌዋለሁ። የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱሳችን ግን «ያን ጊዜውን ደረቀች» ነው የሚለው፤ የግሪክኛው ቃልም እዚያው በቦታው፣ ወዲያው ማለት ነው። ልዩነቱ ቀላል አይደለም፤ የማርቆስ ወንጌል ይህንኑ ታሪክ ሲተርክ ደቀ መዛሙርቱ ዛፏን ከሥርዋ ደርቃ ያዩአት በማግስቱ ማለዳ ነው። ማቴዎስ ታሪኩን በአንድ ትንፋሽ ነው የሚነግረን፤ እርግማኑና መድረቁ አንድ ላይ ናቸው፤ ደቀ መዛሙርቱ የሚደነቁትም በዚህ ፍጥነት ነው። በቀጣዩ ቁጥር ላይ በእንግሊዝኛው እንዴት «ሱን» ደረቀች ብለው ይደነቃሉ። «ሱን» ደግሞ ዛሬ «በቅርቡ» የምንልበት ቃል ነው። በዛሬ ጆሮ የሚያነብ ሰው ዛፏ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ደረቀች፣ ደቀ መዛሙርቱም በቅርቡ መድረቋ ደነቃቸው ብሎ ይረዳዋል፤ ተአምሩ ተኖ ይጠፋል።

በዚሁ ወንጌል ምዕራፍ 26፣ በጌቴሴማኒ ሌሊት፣ ሰይፍ ለመዘዘው ደቀ መዝሙር ጌታ ሲመልስለት፣ አብ ከ12 ጭፍሮች የሚበዙ መላእክትን «ፕሬዘንትሊ» ሊሰድልኝ የማይቻል ይመስልሃልን ይላል። እዚህ ላይ የአማርኛው ቃል «አሁን» ነው። ይህን ሳነብ ትንሽ ተጽናናሁ። እኔም ከዚያች ነርስ አፍ የወጣውን ቃል «አሁን» ብዬ ነበርና የመለስኩት።

ከሁሉ ይልቅ ያስደነገጠኝ ግን የሄሮድያዳ ልጅ ልመና ነው። በማርቆስ ምዕራፍ 6 ልጅቱ በንጉሡ ግብዣ ላይ ዘፍና ደስ ስታሰኘው፣ ንጉሡ የፈለግሽውን ለምኚኝ ብሎ ይምልላታል። እርስዋ ወጥታ እናትዋን ትጠይቃለች፤ ፈጥና ትመለሳለች፤ የመጥምቁን የዮሐንስን ራስ በወጭት «ባይ ኤንድ ባይ» ስጠኝ ትላለች። «ባይ ኤንድ ባይ» ዛሬ በእንግሊዝኛ ከሁሉም የላላው አነጋገር ነው፤ እያደር፣ አንድ ቀን፣ ጊዜው ሲደርስ እንደ ማለት ነው። በ1611 ግን ወዲያውኑ ማለት ነበር፤ አማርኛውም «አሁን» ይለዋል። በዚህች ቃል ላይ የሰው ነፍስ ተንጠልጥላለች። ጥያቄው የቀረበው እንግዶቹ ከማዕዱ ሳይነሡ፣ መሐላው ከንጉሡ አፍ እንደ ወጣ ሳይቀዘቅዝ ነው። አንድ ሌሊት ቢያልፍ ሄሮድስ ሐሳቡን መለወጥ ይችል ነበር፤ ዮሐንስን ይፈራውና ይጠብቀው እንደነበር ወንጌሉ ራሱ ጥቂት ቁጥሮች ቀደም ብሎ ነግሮናል። እናትና ልጅ ይህን ጠንቅቀው ስላወቁ ነው «አሁን» ያሉት። እዚህ ላይ የገባው የግሪክኛ ቃል ሐዋርያው ጳውሎስ ለፊልጵስዩስ ሰዎች ጢሞቴዎስን እልክላችሁ ዘንድ ተስፋ አደርጋለሁ ሲል ከተጠቀመበት ቃል ጋር አንድ ነው፤ ተርጓሚዎቹ በማርቆስ «ባይ ኤንድ ባይ» ያሉትን በፊልጵስዩስ «ፕሬዘንትሊ» ብለውታል። ሁለቱም ቃላት በእነርሱ ዘመን የሰላ ስለት ነበራቸው፤ ሁለቱም ዛሬ ዶልዱመዋል።

ምሳሌ 12፥16ም እንዲሁ ነው። የዕብራይስጡ ቃል የሰነፍ ቁጣ በዚያው ቀን ይታወቃል ይላል፤ የ1611ዱ እንግሊዝኛ «በዚያው ቀን» የሚለውን «ፕሬዘንትሊ» ብሎታል። የሰነፍ ሰው መለያው መታገሥ አለመቻሉ፣ ቁጣውን ማሳደር አለመቻሉ ነው። በዛሬው ትርጉም ከተነበበ ግን ሰነፉ ቁጣውን ለጥቂት ጊዜ ይዞ የሚያቆይ ሰው ይሆናል፤ ምሳሌው ተገልብጦ አስተዋዩን የሚያሞግስበትን ምክንያት ያጣል።

መጽሐፍ ቅዱስ ሆን ተብሎ በጥንታዊ ቋንቋ ተተርጉሞ ይሆናል የሚል ሰው ሊኖር ይችላል። እኔም ተጠራጥሬ ነበር። ነገር ግን በዚያው በ1611 ዓመት፣ በኅዳር ወር መጀመሪያ፣ በለንደን በንጉሡ ፊት የሼክስፒር «ዘ ቴምፐስት» ተውኔት ታይቷል። በዚህ ተውኔት ውስጥ አስማተኛው ፕሮስፔሮ ታዛዡን መንፈስ ኤሪየልን አንድ ሥራ ሲያዘው፣ ኤሪየል በአንዲት ቃል «ፕሬዘንትሊ?» ብሎ ይጠይቃል። መልሱ «አዎ፣ ዓይን እስኪጠቀስ» የሚል ነው። ኤሪየልም ና እና ሂድ ሳትል፣ ሁለት ጊዜ ሳትተነፍስ እፈጽመዋለሁ እያለ በስንኝ ይመልስለታል። መንፈሱ የሚጠይቀው «አሁኑኑ ነው?» ብሎ ነው፤ ዛሬ በእንግሊዝ አገር አንድ ተዋናይ ይህን መስመር ሲናገር ግን ተመልካቹ «ትንሽ ቆይቼ ነው?» የሚል ይመስለዋል፤ የአስማተኛው መልስም ከጥያቄው ጋር አልገጥም ይላል።

ይሁን እንጂ ያኔም ቢሆን ቃሉ መላላት ጀምሮ ነበር። መቼ እንደላላ አንድ ቀን ቆርጦ መናገር አይቻልም፤ ከ16ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ ቀስ በቀስ፣ ማንም ሳያስተውለው የሆነ ነገር ነው። እንዴት እንደሚላላ ግን ማየት ይቻላል። ይህንንም ከመዝገበ ቃላት ይልቅ ያሳየኝ የመጠጥ ቤት አሳላፊ ነው።

በ1590ዎቹ መጨረሻ በተጻፈው የሼክስፒር «ሄንሪ አራተኛ» ተውኔት የመጀመሪያ ክፍል ውስጥ፣ በለንደን ኢስትቺፕ ሰፈር ባለ መጠጥ ቤት ፍራንሲስ የሚባል አንድ ልጅ እግር አሳላፊ አለ። የንጉሡ ልጅና ባልንጀራው ሊቀልዱበት ይስማማሉ። ልዑሉ ፍራንሲስን ወሬ ይይዘዋል፤ ባልንጀራው ደግሞ ከሌላው ክፍል ሆኖ ደጋግሞ ይጠራዋል። ፍራንሲስ ጥሪ በሰማ ቁጥር «አኖን፣ አኖን፣ ጌታዬ!» ይላል፣ «አሁን፣ አሁን» እንደ ማለት፤ ግን አይሄድም፣ ልዑሉ አልለቀቀውምና። በመጨረሻም ሁለቱም ባንድ ጊዜ ሲጠሩት ወዴት እንደሚሄድ ግራ ገብቶት ደርቆ ይቆማል። ተመልካቹ ይስቃል። እኔ ግን ይህን ስፍራ ባነበብኩ ቁጥር የማስበው ልጁን ነው። ቃሉ ሐሰት አልነበረም። ሊሄድ ፈልጓል፣ እንደሚሄድም አምኗል፤ ያልቻለው ሌላ ሰው እጁን ስለያዘው ነው።

«አኖን» ከጥንታዊው እንግሊዝኛ «ኦን አን» የመጣ ነው፤ ቃል በቃል «በአንድ» ማለት ነው፤ እኛ «ባንዴ» እንደምንለው። መጀመሪያ ላይ ሳይቋረጥ፣ ባንዴ፣ እዚያው ማለት ነበር። እንደ ፍራንሲስ ያለው አሳላፊ በየመጠጥ ቤቱ፣ በየምሽቱ፣ በየጠረጴዛው እየደጋገመ ከተናገረው በኋላ ግን ሰሚው ቃሉን ከልጁ መድረስ ጋር ማመዛዘን ለመደ። «አኖን» ተብሎ ልጁ የሚደርሰው ከሩብ ሰዓት በኋላ ከሆነ፣ የ«አኖን» ትርጉም ሩብ ሰዓት ይሆናል። ቃሉን ያላላው መዝገበ ቃላት ጻፊ አይደለም፤ ቀጣፊም አይደለም። ሥራ የበዛበት፣ ሊታዘዝ የሚፈልግ፣ ማንንም ማስቀየም የማይሻ ሰው ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ ሻይ ቤት ገብቶ አሳላፊ የጠራ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል። እጅ ይጨበጨባል፤ አሳላፊው ትሪ በእጁ እንደያዘ፣ ፊቱን ወደ ሌላ ጠረጴዛ እንዳዞረ «መጣሁ!» ይላል። የእኛ አነጋገር እንዲያውም ከእንግሊዝኛው ይደፍራል፤ እነርሱ ገና የሚሆነውን በቅርቡ ይሆናል ሲሉ፣ እኛ ገና ያልሆነውን እንደሆነ አድርገን በኃላፊ ጊዜ እንናገራለን። «ደረስኩ» የሚል ሰው ገና መንገድ ላይ ነው። «አሁን» የሚለው ቃላችንም ወደ ኋላም ወደ ፊትም ይዘረጋል፤ «አሁን ሄደ»፣ «አሁን ይመጣል»። የላላውን ቃል መልሰን ስንስለው ደግሞ «አሁኑኑ» እንላለን፤ «ወዲያው»ን «ወዲያውኑ» እናደርገዋለን፤ ጽሕፈት ቤት ስንገባ «በአስቸኳይ» እና «በአፋጣኝ» ይጨመርበታል። እንግሊዞችም ያደረጉት ይህንኑ ነው። «ሱን» ከ1,000 ዓመት በፊት «ሶና» ይባል ነበር፤ ትርጉሙም ወዲያውኑ ነበር። እርሱ ሲላላ «አኖን» ተተካ፤ «አኖን» ሲላላ «ባይ ኤንድ ባይ»ና «ፕሬዘንትሊ» ተጨመሩ፤ እነርሱም ሲላሉ ከላቲን «መሃል የሌለው» የሚል ትርጉም ያለው «ኢሚዲየትሊ» ነገሩን ተረከበ። በ1881 የአዲስ ኪዳኑ እንግሊዝኛ ተሻሽሎ ሲወጣ የበለሲቱ «ፕሬዘንትሊ» ወጥቶ የገባው ይኸው «ኢሚዲየትሊ» ነው፤ የልጅቱ ልመናም በሌላ ቃል ተተካ። አራሚዎቹ ትርጉሙን ከተኛበት አስነሡት እንጂ አልለወጡትም።

ይህን ሁሉ የምዘረዝረው አንድ የቆየ ቅሬታ ስላለኝ ጭምር ነው። የአስተርጓሚነት ሥልጠና ስወስድ አንድ አሠልጣኝ፣ በእኛ ቋንቋ «አሁን» ማለት የተወሰነ ትርጉም እንደሌለው፣ እንግሊዝኛ ግን ጊዜን በትክክል እንደሚናገር፣ ስለዚህም አስተርጓሚው የሕዝቡን ልማድ ማረም እንዳለበት በልበ ሙሉነት ነግሮን ነበር። በክፍሉ ውስጥ ከነበርነው ኢትዮጵያውያን አንዳችንም አልመለስንለትም። እኛው ራሳችን «የሐበሻ ቀጠሮ» እያልን ይህንኑ ስንደጋግም አድገናል፤ በራሳችን ላይ የተናገርነውን ሌላ ሰው ሲናገረን ምን ብለን እንከራከር? ያኔ የማውቀው ነገር ስላልነበረ ዝም አልኩ። ዛሬ ቢሆን ፍራንሲስን እጠቅስለት ነበር። አንድ ሕዝብ 1,000 ዓመት ሙሉ የፍጥነት ቃል እያወጣ፣ ቃሉ እየላላበት፣ ሌላ ቃል እየተካ ከኖረ፣ ይህ የሕዝብ ጉድለት ሊባል አይችልም። የሰው ልጅ «እመጣለሁ» በሚልበት ስፍራ ሁሉ የሚደርስ ነገር ነው። በእንግሊዝ አገር ምዕራባዊ ጫፍ፣ በኮርንዎል፣ «ዳይሬክትሊ» የሚለው ቃል፣ በቀጥታ፣ ሳይዞር የሚል ፍቺ ያለው ቃል፣ በአካባቢው አነጋገር ዞሮ ዞሮ አንድ ቀን ማለት ሆኗል። በደቡብ አፍሪካ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች «ጀስት ናው» ሲሉ፣ ቃል በቃል ገና አሁን ቢሆንም፣ ቆየት ብሎ ማለታቸው ነው።

የማይላሉ የፍጥነት ቃላትም አሉ፤ እነርሱን ማስተዋል ደግሞ ነገሩን ይበልጥ ያብራራል። «ፐንክቹዋል» የመጣው ነጥብ ከሚለው የላቲን ቃል ነው፤ ከነጥቡ ዝንፍ የማይል ሰው፣ ሰዓት አክባሪ ማለት ነው። «ፕሮምፕት» ደግሞ ወጥቶ የተሰናዳ፣ እጅ ላይ ያለ ከሚል ሥር ነው። ሁለቱም በእንግሊዝኛ ከ500 ዓመት በላይ ኖረዋል፤ «ፐንክቹዋል» እንዲያውም ከመላላት ይልቅ እየጠበበ ሄዶ የሰዓት ቃል ብቻ ሊሆን ምንም አልቀረው። ልዩነቱ ያለው አገልግሎታቸው ላይ ይመስለኛል። ማንም ሰው «ፐንክቹዋል እመጣለሁ» ብሎ ከጓዳ አይጮህም። እነዚህ ቃላት የሚነገሩት ሰውየው ከደረሰ በኋላ፣ ሥራው ከታየ በኋላ፣ በሌላ ሰው አፍ ነው፤ እንደ ምስክር ናቸው። «ፕሬዘንትሊ» ግን የሚነገረው ከመድረስ በፊት፣ በሚመጣው ሰው ወይም ስለ እርሱ በሚናገር ሰው አፍ ነው፤ ተስፋ ነው። የሚላላውም የተስፋው ቃል ነው።

አሁን ወደ ነርሷ ልመለስ፤ በ«ፕሬዘንትሊ» ላይ አንድ ተጨማሪ ውስብስብ ነገር አለና። ከቃሉ ቀደምት ትርጉሞች አንዱ፣ ማለትም «በአሁኑ ጊዜ» የሚለው፣ በእንግሊዝ አገር ከ17ኛው ክፍለ ዘመን በኋላ ከጽሑፍ ቋንቋ ቢጠፋም በስኮትላንድና በአሜሪካ ሳይሞት ቆይቷል። በአሜሪካ በየቅጹና በየፍርድ ቤቱ ወረቀት ላይ አመልካቹ «ፕሬዘንትሊ» በዚህ አድራሻ ይኖራል ሲባል ዛሬ፣ በአሁኑ ጊዜ ማለት ነው። ይህን ዓይነት ወረቀት ለዓመታት ስተረጉም ኖሬ ስለነበር፣ ነርሷ ቃሉን ሲናገሩት እጄ የለመደውን «አሁን» አነሣሁ። ሐኪሙ ያለው በሌላ ታካሚ ዘንድ መሆኑን፣ ገና እንደሚመጣም፣ የአረፍተ ነገሩ ግስ ይነግረኝ ነበር። ግሱ የአሁን ጊዜ ከሆነ ቃሉ «በአሁኑ ጊዜ» ነው፤ ግሱ የትንቢት ከሆነ «ከጥቂት ጊዜ በኋላ» ነው። ነርሷ «ያዩአቸዋል» ነው ያሉት። ይህን መለየት የእኔ ሥራ ነበር፤ አልለየሁም።

ከዚያ ወዲህ እጠይቃለሁ። የሥራችን ደንብ አስተርጓሚ እንዳይጨምርና እንዳይቀንስ ያስገድደዋል፤ ያልገባውን ግን ለሁለቱም ወገን በግልጽ ተናግሮ መጠየቅ ይፈቅድለታል። አንድ ሐኪም ወይም ነርስ «ፕሬዘንትሊ»፣ «ሾርትሊ»፣ «ኢን ኤ ሚኒት» ሲሉ «አስተርጓሚዋ ስንት ደቂቃ ያህል እንደሆነ መጠየቅ ትፈልጋለች» እላለሁ፤ ለታካሚው ደግሞ ይህን መጠየቄን በአማርኛ አስታውቃለሁ። አንዳንዶቹ ይገረማሉ፤ አንድ ወጣት ሐኪም ከት ብሎ ስቆ፣ ሰዓቱን አይቶ «እውነቱን ለመናገር ግማሽ ሰዓት» አለኝ። ታካሚው ይህን ሲሰማ ጫማውን ፈታ፣ ወንበሩ ላይ ተደላደለ፣ ለልጁ ስልክ ደወለ። ግማሽ ሰዓት መሆኑን ያወቀ ሰው ግማሽ ሰዓቱ የራሱ ነው።

እማማ የራሳቸው የሆነ 40 ደቂቃ አልነበራቸውም። ሐኪሙ በመጨረሻ ሲገቡ ስለ መዘግየታቸው ይቅርታ ጠየቁ፤ ይቅርታውን ተረጎምኩላቸው። እማማ «ምን አጠፉና» ብለው እጃቸውን ዘረጉ፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ተቀመጡ። ጉልበታቸው ሲነካ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሐኪሙ ከመቼ ጀምሮ እንዲህ እንዳበጠ ሲጠይቁ፣ እማማ መጀመሪያ ወደ እኔ ተመለከቱ፤ ከዚያም «ቆይቷል» አሉ። እኔም የትኛውን ያህል ቆይታ ማለታቸው እንደሆነ፣ ወራት ይሁን ዓመታት፣ ጠየቅኳቸው። የጠየቅኩት ለመጀመሪያ ጊዜ ያኔ ነው።

ምርመራው እያለ ስልካቸው ጮኸ። ልጃቸው መኪና ይዛ በር ላይ ደርሳ ነበር። ገና የደም ናሙና ሊሰጡ፣ መድኃኒት ሊታዘዝላቸው፣ የሚቀጥለው ቀጠሮ ሊያዝ ነው፤ አንድ እግራቸው ጫማ የለውም። ስልኩን ጆሯቸው ላይ አድርገው «መጣሁ፣ መጣሁ» አሏት። ከብዙ ጊዜ በኋላ ክንዳቸውን ደግፌ በዋናው በር ስንወጣ፣ ልጃቸው መኪናውን ከመግቢያው ራቅ ብሎ ካለው ማቆሚያ አስገብታ፣ ሞተሩን አጥፍታ፣ ወንበሯን ወደ ኋላ ለጥጣ ዓይኗን ከድና አገኘናት።